ማሽላ ውስጥ የገባው የብረት ቤት

ከዕቃ ሁሉ የምፈራው ለምን እንደተሠራ የማይናገረውን ነው። ድስት ሲያዩት ድስት ነው። መጥረቢያም ሰው አያሳስትም። ለምን እንደመጣ ያልታወቀ ዕቃ ደጃችሁ ላይ ሲራገፍ ግን ዝም ብላችሁ አታልፉትም፤ የሆነ ሥራ ልትሰጡት ትነሳላችሁ። ሥራ የሰጣችሁት ዕቃ ደግሞ ውሎ አድሮ ለእናንተው ሥራ ይሰጣችኋል። ይህን የምለው ልፈላሰፍ ፈልጌ ሳይሆን ደርሶብኝ ነው። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልለምናችሁ። እያወጋሁ መሀል ላይ «ቆይ፣ ይሄ እንዴት ሊሆን ቻለ?» ብትሉኝ መልስ የለኝም። ያኔ እዚያው ቆሜ ሳየው አልገባኝም፤ ዛሬም የገባኝ አስመስዬ ነው የማወራው።

በደርግ ጊዜ፣ ያ ክፉ ድርቅ ባለፈ ማግስት፣ ቆቦ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። የመሥሪያ ቤቱን ስም ተዉት፤ ለታሪኩ አይጠቅምም፣ ለእኔም አይበጀኝም። ንብረት ክፍል ማለት አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የተሰነጠቀ ወንበርና እኔ ነበርን። ከሦስታችን መፈረም የምችለው እኔ ብቻ ስለነበርኩ ኃላፊነቱ እኔ ላይ ወደቀ።

አንድ ጠዋት ከኮምቦልቻ በኩል የመጣ የጭነት መኪና በራችን ላይ ቆመና የብረት ቋሚዎች፣ ቁጥር የተቀባባቸው ቆርቆሮዎች፣ አንድ በር፣ አንድ መስኮት፣ አንድ ሣጥን ሙሉ ብሎንና ዳዶ አራገፈ። ከዕቃው ጋር የመጣ ወረቀት ነበር። ፊደሉ የእኛ አይደለም፣ እንግሊዝኛም አይደለም፤ እንግሊዝኛ የሚያውቀው አስተማሪ ተጠርቶ መጥቶ ወረቀቱን ገልብጦም አቅንቶም ካየ በኋላ ራሱን ነቅንቆ ሄደ። ሾፌሩን ለምን የመጣ ነው ብዬ ብጠይቀው፣ «ለቆቦ ተብያለሁ፣ ቆቦ አድርሻለሁ፤ ፈርምልኝ» አለኝ። ፈረምኩለት። «ተገጣጣሚ የብረት ቤት፣ አንድ» ብዬ። ክሊኒክ ይሁን፣ የወፍጮ ቤት ይሁን፣ የሕፃናት መዋያ ይሁን የሚያውቅ ጠፋ። ደሴን ጠየቅን። ደሴ መልሶ እኛኑ ጠየቀን። ቤቱም ክረምቱን ሙሉ ግቢያችን ውስጥ ተከምሮ ዶሮዎች እላዩ ላይ ሲሰፍሩበት ከረመ።

የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ ጓድ ሥዩም ይባላሉ። ጥሩ ሰው ነበሩ፤ አንድ በሽታ ብቻ ነበረባቸው፣ አደን። ከአባታቸው የወረሱት ዲሞትፈር ጠመንጃ ነበራቸው። በየእሑዱ ቆቦን በምሥራቅ በኩል ለቀው ወደ ዞብል ተራራ ግርጌ ይወርዳሉ፤ እኔም ስንቅና ውሃ ይዤ እከተላለሁ። ሚዳቋና ጅግራ ለማደን ነበር የምንወርደው፤ አብዛኛውን ጊዜ ይዘን የምንመለሰው ግን ራስ ምታት ነው። የራያን ቆላ ፀሐይ የሚያውቅ ያውቀዋል። ታዲያ አንድ ቀን ከግራር ሥር ተቀምጠው፣ ላባቸውን በባርኔጣቸው እየጠረጉ፣ «እዚህ አንድ የአደን ቤት ቢኖረን» አሉ።  ከዚያ ወደ እኔ ዞረው አዩኝ። ሁለታችንም ግቢ ውስጥ የተከመረውን ቆርቆሮ እያሰብን እንደነበር ሳንነጋገር ገባን፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ወዲያው የገባኝ ነገር ያ ብቻ ነው።

ነገር ግን «የአደን ቤት» ተብሎ በዚያ ዘመን አይጻፍም። አደን የመሳፍንት ጨዋታ ነበር የተባለበት ጊዜ ነው፤ ጓድ የተባለ ሰው በመንግሥት ቆርቆሮ ሥር ተጋድሞ ሚዳቋ ጠበቀ ቢባል ነገሩ ሚዳቋው ላይ አያበቃም። ስለዚህ ሌላ ስም አስፈለገ። አስበን አስበን፣ የንብረት ማውጫው ቅጽ ላይ «የሰብል አጥፊ አውሬ መከላከያ ጣቢያ» ብዬ ጻፍኩ። የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ በራሴ እጅ። አገልግሎት በሚለው ቦታ ላይም «ማሽላን ከከርከሮ መጠበቅ» ብዬ ጨመርኩበት። ጓድ ሥዩም አነበቡት፣ ደጋግመው አነበቡት፣ ስንሄድበት የኖርነው ለዚሁ ጉዳይ እንደሆነ እያመኑ መሄዳቸው ከፊታቸው ይታይ ነበር።

ቤቱን ያቆምነው ከዞብል ግርጌ፣ ከአንድ ሰፊ የማሽላ እርሻ ዳር ነው። አቆምነው ማለት ድፍረት ነው። ቆርቆሮዎቹ ላይ ያለውን ቁጥር ተከትለን አንድን ከሁለት፣ ሁለትን ከሦስት እያያያዝን ሄድን፤ ከሰባት በኋላ አሥራ አንድ መጣና ነገሩ ተደበላለቀ። በመጨረሻ ቤት የሚመስል ነገር ቆመ። መስኮቱ ግን ጉልበት አካባቢ ላይ ወጣ፤ ወደ ውጭ ለማየት መንበርከክ ያስፈልጋል። ለሠራተኞቹ አፍርሱት፣ እንደገና እንጀምር ልል አፌን ስከፍት ጓድ ሥዩም ቀደሙኝና «ተዉት፣ ተንበርክኮ ለመተኮስ ተብሎ የተሠራ ነው» አሉ። አንድ ባልዲ ሙሉ ብሎን ተረፈ። ከየትኛው ቦታ እንደተረፈ አልደረስንበትም።

የእርሻው ባለቤት እትዬ ዘሐራ ይባላሉ፤ ሙሉ ስማቸው ዘሐራ ተስፋዬ፣ ወሎ ውስጥ ማንንም የማያስገርም ስም ነው። ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ፣ ቀጠን ያሉ፣ ነገር ሲሰሙ አንገታቸውን ወደ አንድ ጎን ዘንበል የሚያደርጉ ሴት ነበሩ። ባላቸውንና ታላቅ ወንድ ልጃቸውን በድርቁ ጊዜ አጥተዋል። ቆርቆሮው ሲቆም ከማማቸው ላይ ሆነው ሲያዩን ቆዩና፣ ወንጭፋቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ወረዱ። ማማ ማለት፣ ለማታውቁት፣ ከእንጨት ተሠርቶ ከማሽላው በላይ ከፍ የሚል፣ ሰው ላዩ ላይ ተቀምጦ ወፍና አውሬ የሚከላከልበት ቆጥ ነው። እሳቸው ከንጋት እስከ ጀንበር እዚያ ነው የሚውሉት።

«ልጄ፣ ይህ ቤት ምን ሊሆን ነው?» አሉኝ።

ጓድ ሥዩም ራቅ ብለው ጠመንጃቸውን ይወለውላሉ።  ቅጹን ከኪሴ አውጥቼ አነበብኩላቸው። ጽሑፌ ጥሩ ስለነበር ድምፄም ጥሩ ወጣ። «ማሽላውን ከከርከሮ ሊጠብቅልዎ ነው» አልኩ መጨረሻ ላይ።

እትዬ ዘሐራ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ቆዩ። ቀጥለው የነገሩኝን ዛሬም በቃሌ ይዤዋለሁ። «አልሀምዱሊላህ። ተገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ዘንድ ለሰፈራ ተጽፌያለሁ። ዘንድሮ ራስሽን የምትችዪበት እህል ተገኘ ትቀሪያለሽ፣ ካልተገኘ መኪናው ሲመጣ ትሄጃለሽ ብሎኛል። እዚህ ሁለት መቃብር አለኝ። ጥዬው የት ነው የምሄድ? ይች ደጋሊት ደረሰችልኝ ማለት እኔ ቀረሁ ማለት ነው።» ደጋሊት የሚሉት እዚያ አገር የሚወደድ የማሽላ ዘር ነው። ማሽላው ያኔ ገና መዘርዘሩ ነበር። እሳቸው አረንጓዴውን ሲያዩ እኔም አየሁት፤ ቅጹንም አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። እውነቱን ልነግራቸው ቃጣኝ። ግን ምን ማለት እችላለሁ፤ ቤቱ ቆሟል፣ ወረቀቱም ተፈርሟል።

በሚቀጥለው እሑድ ስንወርድ ማማው የለም። እንጨቱ ከእትዬ ዘሐራ ደጃፍ ተከምሯል፤ እሳቸውም ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። መንግሥት በብረት ቤት ማሽላቸውን ሊጠብቅላቸው ከመጣ እንጨት ላይ ተንጠልጥሎ መዋል ምን ያደርጋል? በወረቀት የተነበበላቸውን አምነው ነው። አሁን ይህን ስትሰሙ ሞኝነት ይመስላችሁ ይሆናል። ያኔ ግን ገጠር ውስጥ ቆርቆሮ ከታየ መንግሥት መጥቷል ማለት ነው፤ መንግሥት ከመጣ ደግሞ የሆነ ነገር መሆኑ አይቀርም። እሳቸው የተሳሳቱት፣ ቆርቆሮውን ያቆመው ሰው ምን ፈልጎ እንደሆነ ባለማወቃቸው ብቻ ነው።

አደኑስ እንዴት ሆነ አትሉኝም? ቤቱ እስከ ረፋድ ሦስት ሰዓት ድረስ ቤት ነበር። ከሦስት ሰዓት በኋላ ምድጃ ነው። ፀሐይ ሲበረታበት ቆርቆሮው እየተለጠጠ «ጧ» ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ በሌላኛው ጎን «ጧ» ይላል። በዚያ ድምፅ የአካባቢው ጅግራ ሁሉ ወደ ዋጃ አቅጣጫ ተሰደደ። ሚዳቋ ከዚያ ቀን ወዲህ በዓይናችን አላየንም። ጓድ ሥዩም ላብ ውስጥ ተዘፍቀው፣ ጠመንጃቸውን በጉልበት መስኮቱ በኩል አውጥተው፣ «አውሬው እዚህ መሆናችንን ማን ነገረው?» እያሉ ይጠይቁኛል። መልሱ ከጭንቅላታችን በላይ ጧ ይላል።

ከአውሬ ሁሉ ያልሸሸ ከርከሮ ብቻ ነበር። ከርከሮ ማለዳና አመሻሽ ላይ፣ ቤተሰቡን አስከትሎ፣ ጅራቱን ቀጥ አድርጎ ይመጣል። የቆርቆሮውን ድምፅ የፈራው አንድ ሁለት ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ከቤቱ ድምፅ ብቻ እንደሚወጣ ደረሰበት። ጓድ ሥዩም ደግሞ ከርከሮ አይተኩሱም። ከርከሮን ክርስቲያኑ አይበላው፣ እስላሙ አይበላው፤ ገድሎ የሚጎትተው ሰው እንኳ አይገኝለትም። «ለማይበላ ጥይት አላወጣም» ይሉኛል። እኔ በመስኮቱ በኩል ለማየት ተንበርክኬያለሁ። ከርከሮዎቹም ሲበሉ የፊት እግራቸውን አጥፈው ነው የሚበሉት፤ አገዳውን በአፍንጫቸው ይጥሉና ተንበርክከው የማሽላውን ራስ ያኝካሉ። እንዲህ ሆነን ፊት ለፊት ተያየን። እነሱ በእትዬ ዘሐራ ማሽላ ላይ ተንበርክከው፣ እኔ በእትዬ ዘሐራ ማሽላ መጠበቂያ ውስጥ ተንበርክኬ። አፈርኩ። እውነቴን ነው፣ ከአውሬ ፊት አፈርኩ።

በሦስተኛው እሑድ በሩ የለም።

ጓድ ሥዩም በሩ የነበረበት ቦታ ላይ ቆመው ብዙ አሰቡ። ነፋስ ነው አሉ። ነፋስ ብሎን አይፈታም ብዬ አሰብኩ እንጂ አልተናገርኩም። በሚቀጥለው ሳምንት የምሥራቁ ግድግዳ ጠፋ። ያኔ ነገሩ ከነፋስ ወደ ፀረ አብዮት አደገ። ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት የጣራው ግማሽ ሄደ። ቤቱ በየሳምንቱ እያነሰ፣ እኛም በየሳምንቱ እየመጣን። ከሁሉ የሚገርመኝ ጓድ ሥዩም ናቸው፤ ግድግዳ ወደሌለው ቤት በግድግዳው በኩል መግባት ሲችሉ ዞረው በበሩ ቦታ ነበር የሚገቡት። እኔም ተከትያቸው ዞሬ እገባ ነበር። እስከ ዛሬ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

የጠፋውን ቆርቆሮ ያገኘሁት በጆሮዬ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ከማሽላው መሀል የሚንቋቋ ነገር ሰማሁ። እየገፈተርኩ ገባሁ። በግራርና በግራር መካከል ገመድ ተዘርግቷል፤ ገመዱ ላይ ቁጥር አራት፣ ቁጥር ሰባት፣ ቁጥር አሥራ አንድ ተሰቅለዋል። በሩ ከአንድ ግንድ ላይ ተንጠልጥሎ፣ በአጠገቡ የታሰረ ድንጋይ ነፋስ ባወዛወዘው ቁጥር ይደልቀዋል። እትዬ ዘሐራ ደግሞ ከዚያ ሥር ቆመው ቁጥር አሥራ አራትን እያሰሩ ነው። አይተውኝ አልደነገጡም።

«እትዬ ዘሐራ፣ ይህ እኮ የመንግሥት ንብረት ነው» አልኩ። ድምፄ ያን ቀን ጥሩ አልወጣም።

«ለማሽላዬ ነው አላልከኝም?»

«ብያለሁ።»

«ተወረቀት አላነበብክልኝም?»

«አንብቤያለሁ።»

«እንግዲያ ምን ሁነህ ነው እንዲህ የምታየኝ? ቤቱ ዳር ላይ ቁሞ ቀረ፤ ማሽላው መሀል ነው። ከርከሮው ያን ጥጉን ሲጨርስ ብጠብቅ ብጠብቅ ቤቱ አልመጣም። እኔ አመጣሁት።» ቋጠሮውን አጠበቁ። «ወላሂ፣ ተዚያ ወዲህ አንድ ከርከሮ አልረገጠም። ቤት ሁኖ ሲቆም ጩኸቱ ካንድ ቦታ ነው፣ ለመዱት። አሁን የት እንደሚጮህ አያውቁም።»

 ቅጹን በልቤ ደገምኩት። «ማሽላን ከከርከሮ መጠበቅ» ይላል። ቤቱ ቤት ሆኖ ቆሞ ሳለ ያልሠራውን ሥራ ፈርሶ እየሠራው ነበር፤ ውሸቴን እውነት ያደረጉልኝ እሳቸው ናቸው። ጥጉ ላይ አውሬው የጨረሰው ማሽላ ግን አገዳው ተሰብሮ ተኝቶ ይታያል። ማማቸውን ያስፈረስኩት እኔ ነኝ። በማግስቱ ያን የተረፈ ባልዲ ሙሉ ብሎን አምጥቼ ሰጠኋቸው፤ በየጣሳው ከተው ከገመዱ ላይ አንጠለጠሉት። ለጓድ ሥዩም ምንም አልተናገርኩም። ፀረ አብዮቱን መፈለጋቸውን ቀጠሉ።

ማሽላው ፍሬው ጠንክሮ ለአጨዳ አሥር ቀን ያህል ሲቀረው ከደሴ ቴሌግራም መጣ። «የአውሬ መከላከያ ጣቢያውን» የሚያይ ተቆጣጣሪ ሐሙስ ይደርሳል ይላል። ጓድ ሥዩም ቴሌግራሙን ይዘው ወደ እኔ ሲመጡ ፊታቸው አመድ መስሏል። የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ ያዘዙት እሳቸው ናቸው። የዚያን ጊዜ ቆርቆሮው የት እንዳለ ነገርኳቸው። ቴሌግራሙን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና፣ «ቤቱን አምጣ። ተቆጣጣሪው እስኪመጣም ከዚያ እንዳትነቃነቅ፤ አንዲት ቆርቆሮ ብትጎድል አንተን ነው የምሰቅልበት» አሉ።

ማክሰኞ ሁለት ሠራተኛ ይዤ ወረድኩ። እትዬ ዘሐራ ይጮሁብኛል፣ ይለምኑኛል ብዬ መንገዱን ሙሉ መልስ ሳዘጋጅ ነበር። አልጮሁም። ነገሩን ሰሙ፣ አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ፣ ከዚያ ገመዱን አብረውኝ መፍታት ጀመሩ። ያ ነው የጎዳኝ። ቆርቆሮው ሁሉ ወርዶ ማሽላው ራቁቱን ሲቀር፣ «በል እንግዲህ» አሉኝ፣ «ቤቱን ወሰድከው፤ አንተ ጠብቅልኝ። እኔ በፀሐይ መውጫው በኩል፣ አንተ በመግቢያው። ማማ እሠራ ዘንድ ጊዜ የለም። ይህ ማሽላ ባሥር ቀን ውስጥ ተበላ ማለት መኪናው ላይ ነኝ።» ወንጭፋቸውንም ሰጡኝ።

እኔ ደግሞ ወንጭፍ አላውቅም። የመጀመሪያውን ድንጋይ ወረወርኩና የራሴን ጀርባ መታሁ። ሁለተኛው የት እንደሄደ አላወቅንም፤ ከሠራተኞቹ አንዱ ግን መሬት ላይ ተኝቶ ነበር የተነሳው። ሠራተኞቹ ቤቱን መልሰው ለማቆም ሲሄዱ እኔ ወንጭፉን ለእትዬ ዘሐራ መለስኩና የዘይት ጣሳና ዱላ ያዝኩ። ከንጋት ጀምሮ እየደበደብኩ፣ እየጮህኩ፣ በማሽላው ዳር መሮጥ ሆነ ሥራዬ። ከርከሮ ሲያዩት የሚያስቅ እንስሳ ነው፤ ሲዞርባችሁ ግን ሳቃችሁ ይጠፋል። አንዱ ዞሮብኝ ግራር ላይ ወጥቻለሁ። ሱሪዬን እሾህ ላይ ጥዬ ነው የወረድኩት ማለት ይቻላል።

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ተቆጣጣሪው ከጓድ ሥዩም ጋር መጣ። ሰውዬው ወፍራም፣ ካኪ የለበሰ፣ እስክሪብቶው ከእጁ የማይለይ ነበር። ቤቱ ሙሉ በሙሉ ቆሟል፤ መስኮቱ ያው ጉልበት ላይ ነው። ገባ። በገባበት ፍጥነት ወጣ። ላቡን እየጠረገ፣ «ጣቢያው ይኸው፤ ጠባቂው የታለ?» አለ። ጓድ ሥዩም ስለ ጠባቂ አላሰቡበትም ነበር። ዙሪያቸውን ሲቃኙ ከማሽላው መሀል እኔ ወጣሁ። ፊት ለፊቴ አምስት ከርከሮ ይሮጣል፤ ከኋላ እኔ፣ በተቀደደ ሱሪ፣ ጣሳ እየደበደብኩ፣ እዚህ ልደግመው የማልችለውን ስድብ እየተሳደብኩ። በእኩለ ቀን የመጡት ለምን እንደሆነ እነሱን ጠይቁልኝ። በተቆጣጣሪው አጠገብ አልፈን ሄድን።

ስመለስ ሰውዬው ይጽፋል። ስሜን ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። «በዚህ ሥራ ላይ ስንት ጊዜህ ነው?» አለኝ። ሦስተኛ ቀኔ ነው ልል ስል ጓድ ሥዩም ቀደሙኝ። «ልምድ ያለው ነው» አሉ። ተቆጣጣሪው ራሱን ነቀነቀና ያንንም ጻፈ። ደስ ብሎት ሄደ። ጓድ ሥዩም እጄን ጨበጡኝ፤ እኔም ተገላገልን ብዬ አመንኩ።

ተቆጣጣሪው እንደሄደ ቆርቆሮውን ወደ ገመዱ ልመልሰው እችል ነበር አይደል? አስቤዋለሁ። ነገር ግን ጓድ ሥዩም ያን ቤት ዳግም ከዓይናቸው ሊያርቁት አልፈለጉም። በዚያው ጣሳዬን እየደበደብኩ ቀሪውን ሳምንት ጨረስኩ። እትዬ ዘሐራ በወዲያኛው ጫፍ፣ እኔ በወዲህኛው፤ ቀን ላይ የማሽላ ቆሎ ቆልተው ይጠሩኛል፣ በልቼ እመለሳለሁ። ድምፄ ተዘግቶ በምልክት ነበር የምንነጋገረው። ከዚያ አጨዳው ደረሰ፣ ተወቃ፣ አውድማው ላይ ተከመረ። ሊቀመንበሩ መጥቶ በክምሩ ዙሪያ ዞረ፤ ከመዝገቡም ላይ የእትዬ ዘሐራን ስም ሰረዘ። እዚያው ቆሜ አይቼዋለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ያለኝ ጊዜ ጥቂት ነው፤ ለምን ይዋሻል፣ አልቅሻለሁ።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ደብዳቤ መጣ። ወደ ምዕራብ በተከፈተ አንድ የሰፈራ ጣቢያ ሰብሉን ዝንጀሮና ከርከሮ ስለፈጀው፣ «በአውሬ መከላከል ረገድ የዳበረ ልምድ ያለው» ሠራተኛ ወዲያውኑ እንዲላክ ይላል። ከሥሩ ስሜ አለ። የአባቴም አለ። ጓድ ሥዩም ጋ ሄጄ፣ «እኔ እኮ የንብረት ሠራተኛ ነኝ» አልኩ። «አውቃለሁ» አሉ። «ታዲያ?» አልኩ። «ታዲያ ቤቱ የአደን ቤት ነበር ብዬ ልጻፍላቸው?» አሉኝ። ሁለታችንም ተያየን፤ እሳቸውም ከልባቸው አዝነው ነበር። ልብሴን ሸከፍኩ።

የምሄደው ሰፋሪዎችን በሚጭነው መኪና ላይ ነበር። ጠዋት ቆቦ መሀል ላይ ሕዝቡ ተሰብስቦ፣ የሚሄደውም የሚቀረውም ይላቀሳል። እትዬ ዘሐራ ጎረቤቶቻቸውን ሊሰናበቱ መጥተዋል። ከአንዱ ወደ አንዱ እየተቃቀፉ ሲመጡ እኔ ጋ ደረሱ። ሣጥኔን አዩ። እኔን አዩ። መኪናውን አዩ።

«አንተ ምን ልትሠራ ነው እዚህ ላይ?»

«ተጠርቼ ነው፣ እትዬ ዘሐራ።»

«የተጻፍኩት እኔ ነኝ። አንተን እንዴት ጠሩህ?»

«እኔም አልገባኝም» አልኩ። እውነቱ ያ ነበር፤ ግን እንዲህ ያለው እውነት ሰው ጆሮ ሲደርስ ሌላ ነገር ይሆናል። እትዬ ዘሐራ አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ። አንድ ነገር በፊታቸው ላይ ቀስ ብሎ ሲበራ አየሁ፤ ምን እንደሆነ ሲገባኝ ደነገጥኩ። «እትዬ ዘሐራ፣ አይደለም፤ የከርከሮ ጉዳይ ነው» አልኩ። እጄን ይዘው ይስሙ ጀመር። «ኧረ ከርከሮ ነው እላለሁ» አልኩ። መኪናው ተነሳ። እኔ ከላይ «ከርከሮ ነው» እያልኩ፣ እሳቸው ከታች በሁለት እጃቸው ዱዓ እያደረጉ ተለያየን። አጠገቤ የተቀመጡት ሰፋሪዎች ዘወር ብለው አዩኝ።

ሁለት ዓመት ቆየሁ። ዝንጀሮዎቹ ልምዴን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም፤ እሱ ሌላ ወግ ነው፣ ይቅር። ተመልሼ ቆቦ ስደርስ ሰዎች እያዩኝ ከመቀመጫቸው ይነሱ ጀመር። ግራ ገባኝ። ኋላ እንደሰማሁት እትዬ ዘሐራ አዝመራ በደረሰ ቁጥር ድግስ አዘጋጅተው፣ በእሳቸው ፈንታ ስሙን ሰጥቶ ለሄደው ልጅ ዱዓ ያስደርጋሉ። ይህን ሰምቼ እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል? በማግስቱ ተነስቼ ወደ ዞብል ግርጌ ወረድኩ፤ ዛሬስ ሳልናገር አልመለስም ብዬ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ቤቱ የአደን ቤት እንደነበረ፣ ወረቀቱን ውሸት መሆኑን እያወቅሁ እንዳነበብኩላቸው፣ ማማቸውን በእኔ ጦስ እንዳፈረሱ፣ አንድም ከርከሮ እንዳልተኮስን፣ ተቆጣጣሪው ተሳስቶ እንደጻፈኝ። ምንም አላስቀረሁም። እትዬ ዘሐራ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ፤ አንድ ጊዜም አላቋረጡኝም። ስጨርስ የማሽላ ገንፎውን በመሀላችን አስቀመጡና ቅቤውን አፈሰሱበት።

«ተጽፌ የነበርኩት እኔ ነበርኩ» አሉኝ። «የሄድከው አንተ ነህ። ሌላውን እኔ አላውቅም። ብላ።»

አሁን እናንተ ፍረዱ። የነገሩኝ ሁሉ እውነት ነው፤ የነገርኳቸውም ሁሉ እውነት ነው። ሁለቱ የት ላይ እንደሚጣሉ ፈልጌ አጣሁት። ለመከራከር አፌን ከፈትኩ፤ ገንፎው ግን ይበርድ ነበር፣ እሳቸውም እየጠበቁኝ ነው። በላሁ።